«መጀመሪያ ይሠራ» ለሚሉት ጸሐፊ፦ ነዋሪን መጠየቅ ሥራ አያዘገይም

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለውን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጉዳዩ የአዲስ አበባ ልማትና የነዋሪ ቅሬታ ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው፦ ወረዳና ክፍለ ከተማ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ነዋሪ ልሰብስብ፣ ላወያይ እያሉ ጊዜ ያባክናሉ። ነዋሪው ደግሞ ስብሰባ ሲጠራ ከማማረር ውጪ የሚያመጣው ነገር የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ይሠራ፤ ሕዝቡ ውጤቱን ሲያይ ያመሰግናል።

ጽሑፉ በክፋት የተጻፈ አይደለም። ጸሐፊው ከተማቸው ተለውጣ ማየት የሚፈልጉ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። እኔም እፈልጋለሁ። በሰፈራችን የልማት ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ሲሳካም ሲበላሽም በቅርብ አይቻለሁ። ካነሷቸው ነጥቦች በአንዱ በግማሽ እስማማለሁ። የቀሩትን ግን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። በየተራ ልመልስ።

መጀመሪያ «ኢንጂነሪንግ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ነዋሪው ስለ ቦይ ምን ያውቃል?» የሚለውን ልውሰድ።

የኮንክሪቱን ውፍረት ነዋሪ አይወስንም፤ ልክ ናቸው። ነዋሪው የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። የቱ ማንሆል ክዳን እንደሌለው፣ የቱ ጥግ በማታ እንደሚያስፈራ፣ የውሃ ማጠጫ መኪና የት ጋ መዞር እንደሚያቅተው ያውቃል። ይሄ ዕውቀት በየትኛውም ዲዛይን ቢሮ ውስጥ የለም።

በእኛ ሰፈር የኮብልስቶን መንገድ ሲሠራ ጎን ለጎኑ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቆፈር ጀመር። ሰፈሩን ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ የሚያውቁ አንዲት እናት ከበራቸው ወጥተው ቀያሹን ልጅ አናገሩት። «ልጄ፣ ውሃው እኮ በዚህ በኩል አይመጣም። ክረምት ሲገባ ከላይ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነው ገንፍሎ የሚወርደው» አሉት። ልጁ ጨዋ ነው፤ ቆሞ ሰማቸው። «እማማ፣ ዲዛይኑ አልቆ ነው የመጣው። እኔ መቀየር አልችልም» አላቸው። እውነቱን ነው፤ እሱ መቀየር አይችልም። መቀየር የሚችለው ሰው ደግሞ ሰፈራችንን መጥቶ አላየውም።

ሐምሌ ላይ ውሃው እሳቸው ባሉት በኩል መጣ። አዲሱ ቦይ ባዶውን ቀረ፤ ጎርፉ በመንገዱ መሀል ወረደ። ኮብልስቶን በሲሚንቶ የተያያዘ ነገር አይደለም። ድንጋዩ አሸዋ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ዳር ዳሩን የጠርዝ ድንጋይ ይደግፈዋል። ከሥሩ ውሃ ከገባበት አሸዋው ይታጠብና አለቀለት። የእኛም እንደዚያው ሆነ። ድንጋዮቹ ተነቃቀሉ፤ ከታች ያሉ ሦስት ቤቶች ውሃ ገባባቸው። አንደኛው ቤት ውስጥ ፍራሽና የልጆች ደብተር አጥር ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ አይቻለሁ። በዓመቱ መንገዱ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ተከፈለ ማለት ነው። በመጀመሪያው ላይ ደግሞ ነዋሪው ከኪሱ ያዋጣው ብር ነበረበት።

እኚያን እናት መስማት ስንት ቀን ይፈጅ ነበር? ዲዛይኑ ከመጽደቁ በፊት አንድ ባለሙያ ከሦስት አራት ነባር ነዋሪ ጋር ሰፈሩን ዞሮ ቢያይ ግማሽ ቀን ይበቃው ነበር።

ቀጥሎ ያለው የጽሑፉ ዋና ነጥብ ነው፦ «ውይይት ፕሮጀክት ያዘገያል።» እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ይቺ ከተማ ሳይወያዩ መቸኮል ምን እንደሚያስከፍል አይታለችና።

ቆሼን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ የተከመረበት ቦታ ነው። ከሞላ ቆይቷል። ስለዚህ ከተማ አስተዳደሩ በሰንዳፋ በኩል ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ አስገነባ፤ የፈረንሳይ ልማት ድርጅትም በገንዘብ አገዘ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፣ በጣምም ያስፈልግ ነበር። ማስወገጃው በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

የአካባቢው አርሶ አደሮች ግን ቅሬታ ነበራቸው። ለመሬታችን የተከፈለን ካሳ አነሰ አሉ። ሽታው አላስቀምጠን አለ፣ ከቆሻሻው የሚወጣው ፍሳሽ ውሃችንን በከለ አሉ። ሰንዳፋ ያለው በኦሮሚያ ክልል ነው። ስለዚህ ቆሻሻውን የሚያመጣው አስተዳደር ሌላ፣ ገበሬው አቤት የሚልበት አስተዳደር ሌላ ነበር። ቅሬታው መልስ ሳያገኝ ወደ ተቃውሞ አደገ። በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ማስወገጃው ሥራ አቆመ። ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ቦታ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተዘጋ። የቆሻሻ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ የቆሼ ክምር ተናደ። ከሥሩ ቤት ሠርተው ይኖሩ ከነበሩት ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

የአደጋው መንስኤ የሰንዳፋ መዘጋት ብቻ ነው እያልኩ አይደለም። ክምሩ ራሱ አደገኛ ነበር፤ ሥሩ ሰው እንዲኖር መተዉም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ግን ያን ዓመት ቆሻሻው ሌላ ቦታ መሄድ ነበረበት፤ ቦታውም ተሠርቶ ነበር። ያልተሠራው ከሰንዳፋ ገበሬዎች ጋር ተቀምጦ መነጋገር ነው። ስለ ካሳው፣ ስለ ፍሳሹ፣ ስለ ውሃው። ያ ውይይት ስድስት ወር ቢፈጅ፣ ዓመትም ቢፈጅ፣ ዘገየ የምንለው ነበር?

ጸሐፊው መዘግየትን የሚለኩት ቁፋሮ እስኪጀመር ባለው ጊዜ ነው። እኔ የምለካው ሥራው ሰው ማገልገል እስኪጀምርና በአገልግሎት እስኪዘልቅ ባለው ነው። አባቶቻችን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት ለዚህ ነው።

ደግሞ በእውነት ፕሮጀክት የሚያዘገየው ምን እንደሆነ ኮሚቴ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል። የበጀት ዓመቱ የሚገባው ሐምሌ 1 ነው፤ ክረምት። ክረምቱ እስኪወጣ አይቆፈርም። ከዚያ ጨረታ ይወጣል፣ ይሰረዛል፣ እንደገና ይወጣል። ኮንትራክተሩ የዋጋ ጭማሪ ይጠይቃል። ሚያዝያ ሲደርስ «በጀቱ ሊመለስ ነው» ይባልና ግንቦትና ሰኔ ላይ ሁሉም ሰፈር በአንድ ጊዜ ይቆፈራል። ዝናቡ ደግሞ ይመጣል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ነዋሪው ያዘገየው የቱን ነው? እንዲያውም ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ወረቀቱ በየቢሮው ሲዞር ነዋሪን ለማወያየት ሰፊ ጊዜ አለ።

ሌላም አለ። የኛ መንገድ ሁለተኛ ጊዜ ተሠርቶ ባለቀ በጥቂት ወሩ አንድ መሥሪያ ቤት መስመር ሊቀብር መጥቶ ከዳር እስከ ዳር ቆፈረው። ድንጋዩን ደራርበውበት ሄዱ። እስከ ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ባጃጅ እየተንገጫገጨ ነው የሚያልፈው። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ተነጋግረው ቢሆን ኖሮ ይሄ አይደርስም። የማይነጋገሩት እነሱ ሆነው ሳለ የመዘግየት ወቀሳው ነዋሪው ላይ መውደቁ ያሳዝነኛል።

ሦስተኛው ነጥብ፦ «ነዋሪው በየስብሰባው ያንኑ ጥያቄ ነው የሚደጋግመው።»

አዎ፣ ይደጋግማል። መልስ ስላላገኘ ነው። ስብሰባው እንዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቀዋለን። እሁድ ጠዋት አዳራሽ እንጠራለን። ሪፖርት ይነበባል፤ ሪፖርቱ ከስብሰባው ግማሹን ይወስዳል። ከዚያ ሰው እጁን ያወጣል። ውሃ በፈረቃው ቀን እንኳ አይመጣም፤ የመንገድ መብራቱ ጠፍቷል፤ ቦዩ ተደፍኗል። አምስት ስድስት ሰው ከተናገረ በኋላ «ሰዓት ስለሄደ ጥያቄ እናቁም» ይባላል። መድረክ ላይ ያሉት ደግሞ «የተነሱት ሐሳቦች እንደ ግብዓት ይወሰዳሉ» ብለው ይዘጉታል። ቃለ ጉባኤው ይጻፋል፣ ይፈረምበታል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል። በሚቀጥለው ስብሰባ ያንን ፋይል ከፍቶ «ባለፈው ይህን ጠይቃችሁ ነበር፤ ይህን ሠርተናል፤ ይህን በዚህ ምክንያት አልሠራንም» የሚል ሰው እኔ አላጋጠመኝም።

የሚያስፈልገን የስብሰባ ብዛት አይደለም። የሚያስፈልገን መልስ ነው፤ በጽሑፍ፣ ቀን ያለው፣ ስም ያለው። «አይቻልም» የሚል ቢሆንም መልስ ነው። ነዋሪው «አይቻልም» ሲባል ምክንያቱን ካወቀ ይቀበላል፤ ሌላ መላ ይፈልጋል። «እየታየ ነው» ሲባል ግን ይጠብቃል። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ በጽሑፍ ሲጠየቅ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። በየቢሮው በር ላይ የተሰቀለው የዜጎች ቻርተርም ተመሳሳይ ቃል ይገባል። እንግዲህ አዲስ ሕግ አውጡ እያልን አይደለም። ያለው ይሠራበት ነው።

በዚሁ ነጥብ ሥር ጸሐፊው «ሕዝቡ በምርጫ ወክሏል፤ ከዚያ በኋላ ተወካዮቹ ይወስኑ» ብለዋል። በ2013ቱ ምርጫ የመረጥነው የከተማውን ምክር ቤት ነው። የወረዳ ምክር ቤቶች ያኔ አልተመረጡም፤ ከዚያ በፊት ለአካባቢ ምክር ቤቶች ድምፅ የሰጠነው በ2005 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ አምስተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ ልጅ ያለው አባት ሆኗል። የበራችንን መንገድ የሚወስነው ወረዳው ነው። እዚያ ያለው ውክልና በቀጠነ ቁጥር ነዋሪን በቀጥታ መጠየቅ የበለጠ ያስፈልጋል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 50 ላይ ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል።

«ያላዋጣ አይጠይቅ» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። የቤት ለቤት መዋጮ ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም በር ለበር ዞሬ ሰብስቤያለሁ። ግን የመጠየቅ መብት በመዋጮ አይገዛም። በሴፍቲኔት መንገድ እየጠረገች የምታድር ሴት መዋጮ ላይኖራት ይችላል። ሳሙና ስትገዛ ግን 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከሁላችን እኩል ትከፍላለች። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ኅብረተሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ሲል «ያዋጡ ዜጎች» አላለም። ስለ መዋጮ ካነሳን ደግሞ ስንት ተሰበሰበ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ የሚል ሒሳብ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በእኛ ሰፈር ሒሳቡን የለጠፍን ዓመት የከፈለው ሰው ካልለጠፍንበት ዓመት በግልጽ በልጦ ነበር።

አሁን ከባዱ ነጥብ ላይ ደረስኩ። ጸሐፊው ስለ ልማት ተነሺዎች ሲጽፉ «ከሚያፈስ የቀበሌ ቤት ወጥተው ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ የኮሪደሩን ውበት ደግሞ ቅሬታ አቅራቢዎቹ ራሳቸው ማታ ማታ ይሸራሸሩበታል» ብለዋል።

የኮሪደር ልማቱ ያመጣውን መልካም ነገር አልክድም። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ የብስክሌት መስመር፣ ንጹህ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ለዚህ ከተማ ቅንጦት አይደለም። እናቶች ጋሪ እየገፉ ሲሄዱበት ደስ ይለኛል። የድሮው የፒያሳና የካዛንቺስ የቀበሌ ቤትም ለኑሮ የሚመች ነበር አልልም። አሥር አባወራ በአንድ መጸዳጃ ቤት መጠቀም ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ነገር ግን ሰው ቤት ብቻ አይደለም የሚለቀው። ጠዋት በሯ ላይ እንጀራ ዘርግታ የምትሸጠዋ ሴት ደንበኞቿን ትለቃለች። ከከተማው ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ ሆና ለማን ትሸጣለች? የጉልት ቦታዋ፣ ቆጣቢ እቁቧ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው እድሯ ሁሉ በአንድ ሳምንት ይበተናል። የቀበሌ ቤት ኪራይ በወር ጥቂት ብር ነበር። 20/80 ማለት ደግሞ 20 በመቶውን በቅድሚያ ከፍሎ የቀረውን ለባንክ ለዓመታት መክፈል ነው። ያን መክፈል ያልቻለ ሌላ ምትክ የቀበሌ ቤት ይጠብቃል። በዚያ ላይ የታክሲ ወጪ አለ፤ የልጆች ትምህርት ቤት በዓመቱ መሀል መቀየር አለ። እነዚህ ሁሉ አስቀድሞ በመነጋገር ሊቀንሱ የሚችሉ ጉዳቶች ናቸው። እድሩን አንድ ላይ በአንድ ብሎክ ማስፈር፣ ለሻጮቹ እዚያው ምድር ቤት ቦታ ማዘጋጀት፣ መነሣቱን ከሐምሌና ነሐሴ ጋር ማገናኘት ይቻላል። ግን ሰዎቹን ሳይጠይቁ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር እንዴት ይታወቃል?

ሕጉ ራሱ ይህን አስቧል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ባለይዞታዎች ቦታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና አጠቃላይ ሂደት እንዲወያዩ ደንግጓል። መሬቱ በአስቸኳይ ለኢንቨስትመንት ከተፈለገ ጊዜው ሊያጥር እንደሚችልም ፈቅዷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ካሳ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። «ኑሯቸው የተነካ» የሚለው ይሰመርበት። ቤት ብቻ አላለም። ታዲያ አስቀድማችሁ አወያዩ የሚል ሕግ ባለበት አገር «መጀመሪያ ይሠራ» ማለት ሕጉ ይለፍ ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን ማለታቸው አይመስለኝም። ሐሳባቸው የሚያደርሰው ግን እዚያ ነው።

ማታ ማታ መሸራሸራቸውን ደግሞ እንደ ማስረጃ ባያቀርቡት መልካም ነበር። መንገዱ የእነሱም ነው። በውብ መንገድ ላይ መሄድና በመነሣት ላይ የደረሰ በደል እንዲታይ መጠየቅ አይጋጭም።

የመጨረሻው ነጥብ በግማሽ የምስማማበት ነው፦ «በጀት የለም፤ ሁሉን ጥያቄ መመለስ አይቻልም።» እውነት ነው፣ አይቻልም። የአንድ ወረዳ የካፒታል በጀት ጥያቄዎቻችንን ሁሉ አይሸፍንም። ግን በጀት ሲያንስ ነው ቅደም ተከተል ይበልጥ የሚያስፈልገው። ቅደም ተከተሉን ደግሞ ችግሩ ያለበት ሰው ቢያወጣው ይሻላል። በብራዚል ፖርቶ አሌግሬ በምትባል ከተማ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዋሪዎች በየሰፈራቸው ተሰብስበው የከተማው የግንባታ በጀት የት እንደሚውል ቅድሚያ እንዲሰጡ ተደረገ። ሐውልትና ፏፏቴ አልጠየቁም። የጠየቁት የፍሳሽ መስመር፣ ውሃና የሰፈር መንገድ ነው። የድሃ ሰፈሮች ድርሻም አደገ። የኛን ሰፈር ብትጠይቁትም መልሱ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ስለዚህ ለጸሐፊው አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት በርና ሥራው በሚሠራበት መንገድ አፍ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ። በዚህ ዓመት የሚሠራው የቱ መንገድ ነው፣ የቱ ቦይ ነው? ስንት ብር ተመድቦለታል? ኮንትራክተሩ ማነው? መቼ ይጀመራል፣ መቼ ያልቃል? ችግር ካለ ለማን ይደወላል? ነዋሪው ከጠየቃቸው ውስጥ ዘንድሮ የማይሠሩት የትኞቹ ናቸው፣ ለምን? ከዚያ ዲዛይኑ ከመጽደቁ በፊት ቀያሹ ከነባር ነዋሪዎች ጋር ግማሽ ቀን ሰፈሩን ይዙር።

ይህ የአዳራሽ ስብሰባ አያስፈልገውም፣ አበል አይጠይቅም፣ ጨረታ አያቆምም። በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ዓመት ይሞከር። ሰኔ ላይ ሥራው ከሌሎቹ ወረዳዎች ዘግይቶ ከተገኘ፣ ጸሐፊው ጽሑፋቸውን እንደገና ያውጡት፤ እኔ ራሴ ለኮሚቴው አነብላቸዋለሁ።